ሐይቁን ያደረቀው ማን ነው? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንና የአየር ንብረት ለውጥ

ከድሬዳዋ ተነስተው የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርሱ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግራና ቀኙም የጫት ማሳ ይሆናል። ወደ ሐረር በሚወስደው በዚሁ አስፋልት ዳር፣ ከአወዳይ የጫት ገበያ ቀደም ብሎ፣ የሐሮማያ ሐይቅ አለ። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በ1950ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐይቁ ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር፤ ዓሣ ይወጣበት፣ ወፍ ይሰፍርበት ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ውኃው አለቀና አልጋው ተገለጠ። ከብት ተሰማራበት፤ ገበሬዎችም በደረቀው አልጋ ላይ ጉድጓድ እየቆፈሩ በሞተር ውኃ መሳብ ያዙ። ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ በሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ለመደገፍ ተገደደች። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ እንደገና ውኃ ቋጥሯል።

ይህን ሐይቅ ያደረቀው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ዛሬ በየትኛውም ግቢ ያለ ተማሪ አፉ ላይ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ። መልሱ ጨርሶ ስህተት አይደለም። ሙቀት ሲጨምር ትነት ይጨምራል፤ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ በትነት ቶሎ ይጎዳል። ይሁንና የሐሮማያን ታሪክ ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ከዚያው ከተፋሰሱ የወጡ ናቸው፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃ የሚስቡ እየበዙ የሄዱ ሞተሮች፣ ከተራቆተው ዳገት ታጥቦ የሐይቁን አልጋ የሞላ ደለል፣ ከሕዝቡ ጋር ያደገ የከተሞች የውኃ ፍላጎት። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ሐይቁ ተመልሶ ውኃ በያዘባቸው ዓመታት ምድር አልቀዘቀዘችም፤ እንዲያውም ይበልጥ ሞቃለች። የሙቀት መጨመር ብቻውን ሐይቁን አድርቆት ቢሆን ኖሮ መመለሱን የምናስረዳበት መንገድ አይኖረንም ነበር። ዝናቡ፣ የሞተሩ ብዛት፣ የሐረር ውኃ ከሌላ ቦታ መምጣት፣ በዳገቱ ላይ የተሠራው የአፈር ጥበቃ ሥራ አንድ ላይ መመዘን አለባቸው። ያንን የሚመዝን ሰው ማፍራት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

ስለ ወጣቶችና ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተወራ ቁጥር የሚቀርበው ስሞታ የግንዛቤ ማነስ ነው። ማስረጃው ግን ችግሩን ሌላ ቦታ ያሳየናል። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ34 የአፍሪካ አገሮች ጠይቆ በ2019 ባወጣው ዘገባ 58 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ መስማታቸውን ተናግረዋል። መስማት ብቻ ሳይሆን ለውጡ ጉዳት እንደሚያመጣና የሰው ልጅ ሥራ እንደሚያባብሰው የሚረዱት ሲቆጠሩ አሃዙ ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። በ2021 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናትም ይህ ግንዛቤ በ33 የአፍሪካ አገሮች ከ23 እስከ 66 በመቶ እንደሚለያይ፣ ከሚወስኑት ነገሮች መካከልም ትምህርት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ እንደሆነ አሳይቷል። ከዚህ በመነሳት ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ከሕዝቡ አማካይ የተሻለ ያውቃል ማለት ይቻላል። ስጋቱም ቢሆን የለም አይባልም። በዚያው በ2021 ላንሴት ፕላኔተሪ ሄልዝ ላይ በወጣው ጥናት ከአሥር አገሮች የተውጣጡ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆነ 10,000 ወጣቶች ተጠይቀው 59 በመቶዎቹ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚጨነቁ መልሰዋል፤ 45 በመቶዎቹ ጭንቀቱ የዕለት ኑሯቸውን እንደሚነካ ተናግረዋል። ከአሥሩ አገሮች አፍሪካዊቷ ናይጄሪያ ብቻ መሆኗ ያሳዝናል፤ ድርቁንና ጎርፉን ቀድሞ የሚቀምሰው ወጣት ስለ ስሜቱ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲህ ሰምተዋል፤ ይጨነቃሉም። የጎደላቸው መለየት ነው። ከፊታቸው ባለው ችግር ውስጥ የቱ ድርሻ ከምድር መሞቅ፣ የቱ ከአጠቃቀማችን፣ የቱ ከአስተዳደር ጉድለት፣ የቱስ ከጥንትም ከነበረው የዝናባችን መዋዠቅ እንደመጣ ለይተው ማስቀመጥ አይችሉም፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም፤ አላስተማርናቸውም። የአየር ንብረት ለውጥ በክፍል ውስጥ የሚቀርበው የመንስኤና የውጤት ዝርዝር ሆኖ፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ የዘመቻ መፈክር ሆኖ ነው። ዝርዝሩ ለፈተና ይሸመደዳል፤ መፈክሩ ሸሚዝ ላይ ይታተማል። ሁለቱም ተማሪውን ከአንድ ሐይቅ ወይም ከአንድ ወረዳ የዝናብ መዝገብ ፊት አቁመው «ምን ያህሉ ከምኑ ነው?» ብለው አይጠይቁትም። አመለካከቱም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል ወይ ጥፋቱን ሁሉ ለሩቅ አገር ይሰጣል፤ በሁለቱም መንገድ ከእጁ የሚወጣ ሥራ አይኖርም።

ለምሳሌ በ2022 በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች መኝታ ሕንፃዎች ወባ ተነሳ። ጊዜው ደረቅ ወቅት ነበር፤ ወባ የክረምቱን መውጣት ተከትሎ እንደሚመጣ እያወቀ ላደገ ተማሪ እንግዳ ነገር ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቀል ነበር። በ2023 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የታተመው ምርመራ ግን ወረርሽኙን ከአንዲት ትንኝ ጋር አያያዘው፤ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች። መሠረቷ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ሲሆን በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ነው። ረግረግ አትሻም፤ በከተማ መሃል በሲሚንቶ ገንዳ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ለዚህ መድኃኒቱ ገንዳን መክደን፣ እጭን መግደልና የከተማን የውኃ አቅርቦት ማስተካከል ነው፤ የካርቦን ልቀት ቢቀነስ የዚያ ሕንፃ ተማሪ አይድንም። በአንጻሩ በቢሾፍቱ አካባቢ የነበረውን የወባ መዝገብ መርምሮ በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። እዚህ ላይ የሙቀቱ እጅ አለበት። አንዱን ከሌላው መለየት የማይችል የጤና መኮንን ለገንዳው በሚበቃ ገንዘብ ሌላ ነገር ይሠራል፤ ወይም ደጋማው ወረዳ አጎበር አያስፈልገውም ብሎ ይተወዋል።

ይህ ክርክር የአየር ንብረት ለውጥን ለማሳነስ የሚመች መስሎ የሚታየው ሰው ወደ ቦረና ይመልከት። ከ2020 እስከ 2022 ማብቂያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቶች በጅምላ አለቁ፤ ዘመናቸውን በከብት የኖሩ ቤተሰቦች በመጠለያ ድንኳን ውስጥ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ዎርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተሰኘው የሳይንቲስቶች ቡድን በሚያዝያ 2023 ባወጣው ትንታኔ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት የዚህን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ በመቶ እጥፍ እንደጨመረው ደምድሟል። የትንታኔው ውስጡ ከቁጥሩ ይበልጣል። ቡድኑ ዝናቡ መቅረቱን በጥቅሉ የአየር ንብረት ለውጥ አላለውም። የመጋቢት እስከ ግንቦቱ ዝናብ በለውጡ ምክንያት እያነሰ መሄዱን፣ የጥቅምት እስከ ታኅሣሡ ግን በለውጡ መጨመር ሲገባው በዚያን ጊዜ ላኒና በተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ምክንያት መጥፋቱን ለየ። ከዚያም በላይ፣ የወረደችውን ጥቂት ዝናብ ከአፈሩና ከሣሩ መጥጦ የወሰደው በሙቀት የናረው ትነት እንደሆነ አሳየ። ምድር በ1.2 ዲግሪ ባትሞቅ ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ወደዚህ ዓይነት ድርቅ ባላደረሰ ነበር። አንድ ችግር በየድርሻው ሲለይ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም፤ በየጂኦግራፊው፣ በየእርሻውና በየስታቲስቲክሱ ክፍል ሊነበብ የሚገባው ነው።

ከተማሪዎች በተለምዶ ከሚሰሙ መልሶች መካከል ግማሽ እውነት የሆነውም መታየት አለበት። ምድር ለምን ሞቀች ሲባል ብዙዎች ደን ስለተጨፈጨፈ ይላሉ። ስለ ኢትዮጵያ ልቀት ከሆነ ትክክል ናቸው። አገሪቱ በ2011 ያወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያሳየው፣ በ2010 ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከብቶቻችንም ዋና ተጠያቂዎች ናቸው። ስለ ዓለም ከሆነ ግን መልሱ ይገለበጣል። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ይወጣል። በሃዋይ ማውና ሎአ በ1958 መለካት ሲጀመር ከሚሊዮን እጅ 315 ያህል የነበረው የጋዙ መጠን ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ይህንን ክምችት የወሎ ወይም የሐረርጌ መጥረቢያ አላመጣውም። የኦዞን መሳሳትም በዚሁ ጉዳይ ውስጥ ተደባልቆ ይነገራል፤ እርሱ ግን የሌላ ጋዝ ሥራ ነው፤ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትም መፍትሔ የተበጀለት ችግር ነው። እነዚህ ስህተቶች ጥቃቅን አይምሰሉን። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ገበሬ መጥረቢያ ላይ የሚጥል ምሩቅ በዓለም መድረክ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

የችግኝ ተከላው ጉዳይም ከዚህ ይገናኛል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከየግቢው መምህርና ተማሪ ችግኝ ይዞ ወደ ተራቆተ ኮረብታ ይወጣል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ተከላ የወጣቱ የአየር ንብረት ተሳትፎ ዋና መለኪያ ሆኗል። ጉልበቱና ፍላጎቱ የሚከበር ነው። ዛፍ አፈር ይይዛል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጥላና ማገዶ ይሆናል፤ ሐሮማያን የሞላው ዓይነት ደለልም የሚቆመው በዚህ ነው። አባቶች ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። የትኛው ዝርያ ለየትኛው መሬት፣ ባሕር ዛፍ ውኃ በሚያጥርበት ዳገት ላይ ምን ያደርጋል፣ ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ፣ የጸደቀው በዓመት ምን ያህል ካርቦን ያዘ የሚሉት ጥያቄዎች ከተከላው ጋር ወደ ተማሪው ካልመጡ፣ ተማሪው የሚማረው አንድ ቀን በጭቃ ውስጥ ውሎ ግዴታውን እንደጨረሰ ነው። የጣና እምቦጭም ይህን ያስተምራል። አረሙ በአውሮፓውያኑ 2011 ከታየ በኋላ በእጅ ሊነቅሉት ወደ ሐይቁ ከገቡት በጎ ፈቃደኞች መካከል ወጣቶች ብዙ ነበሩ። አረሙን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ንጥረ ነገር ግን ዛሬም ይፈሳል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ የፍትሕ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ነዳጅ በማቃጠል በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.2 ቶን ያንሳል፤ አንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ይለቃል። ታዲያ ሌሎች ላበላሹት ሰማይ የእኛ ልጆች ለምን ይጨነቃሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያደርሰው ግን ወደ ተቃራኒው መደምደሚያ ነው። በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ጉባኤ ለጉዳትና ለኪሳራ የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነው ድሃ አገሮች ለዓመታት ተሟግተው ነው። ከእንዲህ ዓይነት ፈንድ ገንዘብ ለመጠየቅ የደረሰው ጉዳት ምን ያህሉ ከምድር መሞቅ እንደመጣ በማስረጃ ማሳየት ጠያቂውን ያጠነክረዋል። የሐሮማያን ሐይቅ፣ የድሬዳዋን ወባና የቦረናን ድርቅ በአንድ ጆንያ ከቶ የሚያቀርብ አገር ሦስተኛውን እውነተኛ ክሱን በሁለቱ ያዳክማል። ኢትዮጵያ በ2021 ባሻሻለችው ብሔራዊ የአየር ንብረት ዕቅድ እስከ 2030 ልቀቷን ከሚጠበቀው በ68.8 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ቃል ስትገባ፣ ከ68.8ቱ በራሷ አቅም የምትቀንሰው 14ቱን እንደሆነና የቀረው በውጭ ድጋፍ እንደሚሆን ገልጻለች። ድጋፉን የሚጠይቀው፣ ውጤቱን ለክቶ የሚያስረዳው፣ ውሉን የሚያነበው ዛሬ በየመኝታ ክፍሉ ያለው ተማሪ ነው። ያልበደለ ሰው ለመካስ ከበዳዩ የበለጠ ማወቅ ያስፈልገዋል፤ የማይገባ ሸክም ነው፤ ግን አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይነሳል። በ1965/66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ እውነቱን ይዘው ወደ አደባባይ ከወጡት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ ፎቶግራፎች በግቢው ታይተው ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ያስተማሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በመረመሩበት ሥራቸው፣ ድርቅን ወደ ረሃብ የሚለውጠው ገበሬውን ለጉዳት አጋልጦ የሚይዘው ሥርዓት እንደሆነ ተከራክረዋል። እንግዲህ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አብዝቶ ማስተማር ለአስተዳደር ጉድለት መሸሸጊያ አይሆንምን? ባለሥልጣኑስ የእህል መጋዘኑን ባዶነት በሰማይ አያሳብብምን? ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ትምህርቱን መተው ሊሆን አይችልም። ድርቅና ረሃብን ለይተው ያሳዩን ምሁር የዝናቡን መዝገብ ችላ አላሉም፤ አጥብቀው ያወቁት ነበርና የዝናቡ ድርሻ የት እንደሚቆምና የሰው ድርሻ የት እንደሚጀምር ማሳየት ቻሉ። ሰማዩን በሚገባ የማያውቅ ተማሪ በሰማይ ሲሳበብ ሊሞግት አይችልም። በኔ እምነት ከዚያ ትውልድ ልንወርሰው የሚገባን ትልቁ ነገር ከቁጣው ይልቅ ይህ ልማድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተማሪው ሕይወት የሚመጣ ስለሆነ ከሁሉም ይከብደኛል። በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚጠብቀው፣ ፈተናውን ቢያልፍም ሥራ የማግኘቱ ነገር የማያስተማምነው ወጣት ስለ 2050 ሙቀት እንዲያስብ መጠየቅ ጭካኔ ይመስላል። ትክክል ነው፤ ስለዚህም ሌላ ተጨማሪ ኮርስ፣ ሌላ ክበብ፣ ሌላ የንቅናቄ ቀን አያስፈልገውም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሚወስዱት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ውስጥ የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤ፣ ውጤትና ምላሽ ተካቷል። ጅምሩ መልካም ነው። ክፍተቱ የሚመጣው ተማሪው ወደ ሙያው ከተከፈለ በኋላ ነው። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የውኃ መውረጃ ቦይ ሲነድፍ የሚጠቀመው የዝናብ መጠን ከድሮ መዝገብ የተወሰደ ከሆነ፣ የነገውን ጎርፍ የማይችል ቦይ ይነድፋል። የእርሻ ተማሪ በ2017 ኔቸር ፕላንትስ ላይ የወጣውን፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል የሚገምተውን ጥናት፣ ቡናን ወደ ከፍታ ቦታ የማዛወሩን ዕድል ከሚያሳየው ክፍሉ ጋር ቢያነብ የሚሰማው ተስፋ መቁረጥ አይሆንም፤ የሥራ መስክ ይታየዋል። የሕግ ተማሪ የውኃ መሳቢያ ፈቃድ ማን እንደሚሰጥ፣ የባንክ ተማሪ ለአርብቶ አደር የሚሸጥ የድርቅ መድን በምን እንደሚሰላ ቢማር ከሙያው አይወጣም፤ ሙያው ይሰፋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ያኔ ዓለማያ ይባል በነበረው የእርሻ ኮሌጅ ተምረው ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ የሠሩት የዝርያ ማሻሻል ሙያቸውን ነው።

ኢትዮጵያ በ2027 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ለዚያ መድረክ ማስረጃ ያስፈልጋታል። ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከሚከማቹት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ መጠይቅ በትነው «ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰምተው ያውቃሉ?» ብለው በመቶኛ የሚያሰሉ ናቸው፤ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። በዚህ ፈንታ የባሌን ወይም የሰሜን ሸዋን የበልግ ዝናብ መዝገብ ወስዶ የዘር ጊዜው መቼ እንደተዛባ የሚያወጣ የእርሻ ተማሪ፣ የአንድን ወረዳ የወባ መዝገብ ከሙቀቱና ከአጎበር ሥርጭቱ ጋር የሚያስተያይ የጤና ተማሪ፣ በከብት ገበያ ዋጋ ላይ ድርቅ ያደረሰውን ጉዳት የሚያሰላ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ለተደራዳሪዎቻችን የሚሆን ነገር ያቀርባል። መነሻ የሚሆነው መዝገብ በኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በየጤና ጣቢያውና በየግብርና ጽሕፈት ቤቱ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ ተቋማት ጋር ተዋውለው መረጃው ለተማሪ በነፃና በቀላሉ እንዲደርስ፣ አማካሪ መምህራንም የመጠይቅ ጽሑፍን ከመቀበል በፊት የመለኪያ ጽሑፍን እንዲያበረታቱ ማድረግ ይችላሉ፤ ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ በጀት አይጠየቅም።